አፕሊኬሽን ሰርቨር ሲጠለፍ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ዲስኩ አልሞላም፣ ሜመሪው አላነሰም፣ ትናንት የወጣ አዲስ ኮድም የለም ብለን እንጀምር። እነዚህን ያላየ ሰው መጀመሪያ ይያቸው።

ምልክት፦ ሲፒዩው ከ100% አይወርድም፤ ፕሮሰሱ ሲገደል ተመልሶ ይነሳል

ዌብሎጂክ (የኦራክል የጃቫ አፕሊኬሽን ሰርቨር) ላይ እየተመላለሰ የሚመጣው ይሄኛው ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። አፕሊኬሽኑ ይንቀራፈፋል፣ ተጠቃሚው ይጮኻል፣ የዳታቤዙ ባለሙያ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። «ቶፕ» (የሚሮጡ ፕሮሰሶችን የሚያሳየው ትዕዛዝ) ሲከፈት ግን አናት ላይ የተቀመጠው ጃቫ አይደለም፤ ዌብሎጂክ በሚነሳበት ዩዘር ስም የሚሮጥ እንግዳ ፕሮሰስ ነው። ስሙ ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ይሆናል፣ ወይም የከርነል ስራ ለመምሰል «ኬወርከር» ይባላል። እውነተኛው የከርነል ስራ በሩት (ሁሉ በሚፈቀድለት ዩዘር) እንጂ በዌብሎጂክ ዩዘር ስም አይሮጥም፤ በስሙ አትሸወዱ። አንዱ ይገድለዋል፣ ሲፒዩው ይወርዳል፣ ትኬቱ «ተፈቷል» ተብሎ ይዘጋል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል።

የሚሮጠው ዲጂታል ሳንቲም ቆፋሪ ነው። እሱ ግን ያገኛችሁት ጭስ እንጂ እሳቱ አይደለም። እሳቱ ማንም ሰው ያለ ፓስወርድ በሰርቨሩ ላይ ትዕዛዝ ማስፈጸም መቻሉ ነው።

መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ ሲቪኢ-2017-10271 ነው (ሲቪኢ ለታወቀ የደህንነት ቀዳዳ የሚሰጥ መለያ ቁጥር ነው)። «ደብሊውኤልኤስ-ደብሊውሳት» የሚባለው የዌብ ሰርቪስ ክፍል ከውጭ የመጣን ኤክስኤምኤል ተቀብሎ ለጃቫው ኤክስኤምኤል ዲኮደር ይሰጣል። ዲኮደሩ ደግሞ የተጻፈለትን ኦብጀክት ሁሉ ይፈጥራል፣ የተጻፈለትንም ዘዴ ይጠራል፤ «ይህን የሼል ትዕዛዝ አስነሳ» የሚል ከተጻፈም ያስነሳል። ከተጠቃሚ የመጣን ጽሁፍ ለእንዲህ ያለ መሳሪያ መስጠት ስህተት ነበር፤ የተጠገነበት መንገድ ደግሞ ከስህተቱ ብዙም አይሻልም። በሚያዝያ 2017 (እዚህ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ፓች (ለሲቪኢ-2017-3506) «ኦብጀክት» የሚለውን ታግ ብቻ ከለከለ። አጥቂዎች «ቮይድ» በሚለው ገቡ፤ ያ በጥቅምት 2017 ተዘጋ። በሚያዝያ 2019 ደግሞ «ክላስ» በሚለው ታግ፣ በ«አሲንክ» ዌብ ሰርቪስ በኩል ተገባ፤ ይህ ሲቪኢ-2019-2725 ነው፤ ከሳንቲም ቆፋሪ አልፎ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ሶዲኖኪቢም ገብቶበታል። በሰኔ 2019 ያም ታልፎ ሲቪኢ-2019-2729 ወጣ። ስለዚህ «ያን ፓች ጭነናል» የሚል መልስ የትኛው ፓች፣ የየትኛው ወር ተብሎ ካልተጠየቀ ምንም አይነግርም።

ሎጉ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። በአክሰስ ሎጉ ወደ «ደብሊውኤልኤስ-ደብሊውሳት» የሄደ ፖስት ጥያቄ ፈልጉ። መልሱ 500 ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰው 500 ሲያይ «ሞክረው አልተሳካላቸውም» ብሎ ያልፋል። ስህተት ነው! ትዕዛዙ መጀመሪያ ይፈጸማል፤ ሰርቨሩ የሚሰናከለው ከዚያ በኋላ ነው፤ 500 የተሳካ ጥቃትም መልስ ነው። በ«አሲንክ» በኩል ሲሆን ደግሞ 202 ይመለሳል።

ፕሮሰሱን ከመግደላችሁ በፊት ሁለት ነገር ውሰዱ። አንደኛ፣ በፕሮክ ፎልደር ውስጥ በፕሮሰሱ ቁጥር ስር «ኤግዚ» የሚለውን ቅዱ፤ ዋናው ፋይል ከዲስክ ቢጠፋም ፕሮሰሱ እስካለ ድረስ ከዚያ ይገኛል። ሁለተኛ፣ እዚያው ያለውን «ኢንቫይሮን» አንብቡ። ከዌብሎጂክ የተወለደ ፕሮሰስ የእናቱን ተለዋዋጮች ይወርሳል፤ «ዶሜይን ሆም» እና የጃቫው ክላስፓዝ እዚያ ተጽፈው ካገኛችሁ በቀጥታ ከጃቫው ወጥቷል ማለት ነው። ባዶ ሊባል የሚችል ከሆነ ክሮን (በየጊዜው ትዕዛዝ የሚያስነሳው የሲስተሙ መሳሪያ) ነው ያስነሳው፤ የተመልሶ መነሳቱም ምስጢር እዚያ ነው።

ጽዳቱ ቅደም ተከተል አለው፤ ሲገለበጥ ስራው ከእንደገና ይጀመራል።

መጀመሪያ ከሰርቨሩ ወደ ውጭ የሚወጣውን ኔትወርክ ዝጉ። ማሽኑን አታጥፉ፤ በሜመሪ ያለው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። ወደ ውጭ የሚወጣው ሳይዘጋ ክሮኑን ብታጸዱ እየሮጠ ያለው ስክሪፕት መልሶ ይጽፈዋል።

ቀጥሎ ዶሜይኑን (አብረው የሚተዳደሩትን የዌብሎጂክ ሰርቨሮች) አቁሙና የዩዘሩን ክሮንታብ፣ የፕሮፋይል ፋይሎቹን፣ የኤስኤስኤች የተፈቀዱ ቁልፎችን ፋይል እዩ። ቁልፉን ማየት የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ቆፋሪውን አጽድቶ ለአጥቂው በሩን ክፍት ይተውለታል። ዌብሎጂክ በሩት ስም የሚነሳ ከሆነ ማጽዳቱን ተዉት። ማሽኑን ከዜሮ ጫኑ፤ በሩት የተያዘን ማሽን «ጸዳ» ማለት የሚችል የለም። ለነገሩ አፕሊኬሽን ሰርቨርን በሩት ማስነሳት ለምን እንደሚቀጥል የሚገባው ሰው ካለ ያስረዳን።

ከዚያ ዌብ ሼል (አጥቂው በዌብ አድራሻ በኩል ትዕዛዝ የሚሰጥበትን ፋይል) ፈልጉ። በዶሜይኑ ውስጥ በአድሚን ሰርቨሩ «ቴምፕ» ፎልደር ስር ዌብሎጂክ የራሱን የውስጥ አፕሊኬሽኖች የሚፈታበት ቦታ አለ፤ አጥቂዎች ጄኤስፒ ፋይል መጣል የሚወዱት እዚያ ነው። ከመጨረሻው የኮድ ልቀት በኋላ የተፈጠረ ጄኤስፒ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። የፋይል ቀን ግን ሊቀየር ስለሚችል በቀን ብቻ አትመኑ፤ ይዘቱን ከንጹህ ቅጂ ጋር አስተያዩ።

አሁን ፓች። ኦራክል የደህንነት ፓቹን በዓመት አራት ጊዜ፣ በጥር፣ በሚያዝያ፣ በሐምሌና በጥቅምት ያወጣል (እዚህ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፓቹ የሚጫነው በዶሜይኑ ላይ ሳይሆን በእያንዳንዱ ማሽን ኦራክል ሆም ላይ ነው። አራት ማሽን ያለው ክላስተር አራት ጊዜ ይጫናል። ሶስቱ ተጭነው አራተኛው ሲረሳ ጥቃቱ በአራተኛው ይገባል፤ ሎድ ባላንሰሩም ጥያቄውን ያለ አድልዎ ያደርስለታል። በየማሽኑ የኦፓች (የኦራክል ፓች መጫኛ መሳሪያ) ዝርዝር አውጡና የፓች ቁጥሩን በዓይናችሁ እዩ። በዌብሎጂክ 10.3.6 ላይ መሳሪያው ኦፓች ሳይሆን ቢኤስዩ ነው። ፓቹ ተጭኖ ጃቫው ሪስታርት ካልተደረገ የሚሮጠው የድሮው ኮድ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ «ተጭኗል» ማለቱ አያድንም።

መጨረሻ የሚመጣውና ሁሌ የሚዘለለው ፓስወርድ ነው። በኮንፊግ ፋይሎቹ ውስጥ ያሉት የዳታቤዝ ፓስወርዶች ተመስጥረዋል፤ መፍቻው ግን እዚያው ዶሜይን «ሴኩሪቲ» ፎልደር ውስጥ «ሲሪያላይዝድ ሲስተም ኢኒ» በሚል ፋይል ተቀምጧል። በዌብሎጂክ ዩዘር የገባ ሰው ሁለቱንም ያነባል፣ ይፈታዋል። ስለዚህ የዳታሶርስ፣ የኮንሶልና ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘ የሌላ ሲስተም ፓስወርድ ሁሉ ይቀየር። ዛሬ!

ምልክት፦ ምልክቱ ያው ነው፣ አክሰስ ሎጉ ግን ንጹህ ነው

ቲ3 (የዌብሎጂክ የራሱ መገናኛ ፕሮቶኮል) ነው። ዌብሎጂክ በፖርት 7001 ላይ ኤችቲቲፒን ብቻ ሳይሆን ቲ3 እና አይአይኦፒንም ያዳምጣል፤ ቲ3 ኤችቲቲፒ ስላልሆነ አክሰስ ሎግ ላይ አይጻፍም። ከሲቪኢ-2015-4852 ጀምሮ እስከ ሲቪኢ-2023-21839 በዚህ በር ያልገባ የለም። የኔትወርክ ቅጂ ካላችሁ በሄክስ ኤሲ ኢዲ 00 05 ብሎ የሚጀምር ባይት ፈልጉ፤ የጃቫ ሲሪያላይዝድ ኦብጀክት መነሻ ነው።

ፓቹ እንዳለ ሆኖ ኮኔክሽን ፊልተር (ከየትኛው አድራሻ በየትኛው ፕሮቶኮል መግባት እንደሚቻል የሚወስን የዌብሎጂክ ህግ) አስገቡ። ህጎቹ ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ፣ የመጀመሪያው የገጠመው ይሰራል። ስለዚህ የሚፈቀዱት ከላይ፣ ለ0.0.0.0/0 (ለማንኛውም አድራሻ) ቲ3፣ ቲ3ኤስ፣ አይአይኦፒ እና አይአይኦፒኤስን የሚከለክለው ከታች ይሁን። የተለመደው ስህተት 127.0.0.1ን ብቻ ፈቅዶ መተው ነው። የማቆሚያው ስክሪፕት በሰርቨሩ እውነተኛ አድራሻ ሲገናኝ መነሻው 127.0.0.1 አይሆንም፤ ፊልተሩም የራሱን ሰርቨር ይከለክላል። የክላስተሩን አባላት አድራሻ በሙሉ፣ የአድሚን ሰርቨሩንም ጨምሩ። ይህን ያልጨመረ ሰው ክላስተሩ ሲበታተን ፊልተሩን በሙሉ ያነሳና ሳይመልሰው ይቀራል።

ምልክት፦ ያልታወቀ ሰው ኮንሶል ውስጥ ገብቷል፣ የተሳሳተ ፓስወርድ ሙከራ ግን የለም

ሲቪኢ-2020-14882። ሎጉ ላይ ወደ ኮንሶሉ የምስል ወይም የስታይል ፎልደር ሄዶ «%252e» ያለበትን አድራሻ ፈልጉ፤ ነጥብ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ የተጻፈ ነው፣ በእሱም የፓስወርድ ገጹ ይዘለላል። የጥቅምት 2020 ፓች ወዲያው ስለታለፈ በህዳር 1፣ 2020 ከወቅቱ ውጭ ሌላ (ሲቪኢ-2020-14750) ወጥቷል፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ኮንሶሉን በተለየ የአድሚን ፖርት (9002) ላይ አስቀምጡና ፖርቱን ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ ክፈቱ።

ምልክት፦ ሰርቨሩ ራሱ ወደማይታወቅ የኤልዳፕ አድራሻ ይደውላል

ሎግፎርጄ (የጃቫ ሎግ መጻፊያ ላይብረሪ)፣ ሲቪኢ-2021-44228። በ2.15.0 እና በ2.16.0 አትቁሙ፤ ጃቫ 8 ላይ 2.17.1 ይሁን። በፋይል ስም የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ በዋር (በዌብ አፕሊኬሽን ጥቅል) ውስጥ ያለ ጃር (የጃቫ ላይብረሪ ጥቅል)፣ በዚያ ጃር ውስጥ ስሙ ተቀይሮ የተቀላቀለ ይሆናል። «ጄኤንዲአይ ሉክአፕ» የሚለውን ክላስ በየጃሩ ውስጥ ገብታችሁ ፈልጉ። ሌሎች የሰሩትን ላይብረሪ ሁሉ በአንድ ጃር ጨፍልቆ «ምርት» ብሎ የሚሸጥ አቅራቢ የላይብረሪዎቹን ዝርዝር ሰነድ እስኪሰጥ ክፍያ ባይፈጸምለት ጥሩ ነው።

ብርቅ የሆኑት

ቶምካት (ሌላ የጃቫ ሰርቨር) በፖርት 8009 የኮንፊግ ፋይሎቹን ለውጭ ሰው ካነበበ ጎስትካት (ሲቪኢ-2020-1938) ነው፤ ወደ 9.0.31፣ 8.5.51 ወይም 7.0.100 አሳድጉ፣ ኤጄፒ (በዚህ ፖርት የሚሰራው ፕሮቶኮል) ካላስፈለገ ዝጉት።

በድሮ ጄቦስ (ሌላ የጃቫ አፕሊኬሽን ሰርቨር) የጄኤምኤክስ ኮንሶል (ማስተዳደሪያ ገጽ) ፓስወርድ ተቀምጦለት አሁንም ከተገባ፣ ፓስወርዱ ጌትና ፖስትን ብቻ እየጠበቀ ሄድ የሚባለው ጥያቄ ያልፋል (ሲቪኢ-2010-0738)። ከሴኩሪቲ ህጉ ውስጥ የጥያቄ ዓይነቶቹን ዝርዝር አውጡት፤ ያኔ ህጉ ለሁሉም ይሰራል።