ቼይንሶው ድሬ ላይ ያገሳል፣ ሐረር ላይ ይታፈናል

ቼይንሶዬ (የሞተር መጋዜ) ድሬዳዋ ሱቁ በር ላይ ሲሞከር በሁለት ጉተታ ተነሳ። ሐረር ዳርቻ ያለችን የባህር ዛፍ ቦታ ስንደርስ ግን ያ ሁሉ ግሳት የለም። ይጨሳል፣ ይታፈናል፣ ግንዱ ላይ ሲያርፍ ቀጥ ይላል። "ተሸወድኩ" ብዬ ከሻጩ ጋር ልጣላ ምንም አልቀረኝም። ማሽኑ ግን ደህና ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማገዶ ቼይንሶ የገዛ ዘመድ ሲቸገር መጀመሪያ የምጠይቀው ምልክቱን ነው።

ይጨሳል፣ ጉልበት የለውም

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ነች። ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥታችሁ ስትጨርሱ አየሩ ሳስቷል፤ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ግን ታች እንደተስተካከለ ያንኑ ቤንዚን ያፈሳል። ቤንዚኑ ከአየሩ ስለሚበልጥ ሞተሩ ይታፈናል፣ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል።

ካርቡራተሩን ከመንካታችሁ በፊት የአየር ፊልትሮውን አውጡ። በአቧራና በሰጋቱራ ከተደፈነ ምልክቱ አንድ ነው። በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። ካንዴላውንም አጽዱ፤ የጫፉ ክፍተት በአብዛኞቹ ላይ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው።

ካልተሻለው ካርቡራተሩ ላይ የኤች (H) ፊደል ያለበትን ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ ወደ ቀኝ አዙሩት። የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ብቻ፣ ከዚያ ድምፁን ስሙ። ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው በባዶው ትንሽ መንተባተብ፣ እንጨት ውስጥ ሲገባ ደግሞ መጥራት አለበት። በባዶው ጥርት ብሎ የሚጮህ ከሆነ አልፋችኋል፤ መልሱት።

አንድ ነገር አደራ፦ ማሽኑን ይዛችሁ ድሬ ስትወርዱ ብሎኑን ወደነበረበት መልሱ። ቆላ ላይ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ቤንዚኑ ያንሳል። የሞተሩ ቅባት የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነውና ቅባቱም አብሮ ያንሳል። ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ይጫጫራል። ብዙ ማሽን የሚበላሸው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው።

ጭራሽ አይነሳም

ቤንዚኑ ከየት መጣ? በሃይላንድ የተገዛ፣ ስንት ጊዜ ፀሐይ ላይ እንደቆመ የማይታወቅ ከሆነ መልሱ እሱ ነው። የተደባለቀ ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ አታስቀምጡ። ድብልቁም በግምት አይሁን። መመሪያው 50 ለ 1 ካለ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የባለሁለት ምት ሞተር ዘይት ነው። እኔ ከፋርማሲ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ገዝቼ ሁለቴ እየሞላሁ እጨምራለሁ። 25 ለ 1 የሚል ማሽን ከሆነ አራቴ።

ጉተታ በዝቶ ካንዴላው ከራሰ ፈትታችሁ አድርቁት፣ ቾኩን (ለማስነሻ አየር የሚቀንሰውን) መልሱና ያለ ቾክ ጎትቱ።

ይቆርጣል፣ ግን ዱቄት ይተፋል

ይሄን ያስተማሩኝ አንድ የሰፈራችን አባት ናቸው። ከግንዱ ስር ሰጋቱራውን ዘግነው መዳፌ ላይ አፈሰሱት። "አቦ፣ እየው እንጂ! ይሄ ዱቄት ነው። ስለታም ሰንሰለት ፍርፋሪ ነው የሚያወጣው።" እውነትም እንደ በሶ የላመ ነበር። ማሽኑን ወደ ታች እየተጫንኩ ስታገል የዋልኩት ሰንሰለቱ ስለደነዘ ነው።

የሚያደነዝዘው አፈር ነው። መሬት ለመሬት የተጎተተ ግንድ ልጡ ውስጥ አሸዋ ይዞ ይመጣል። ጠርጋችሁ ቁረጡ፣ ከስሩም ጉማጅ አስገቡ። መሬቱን አንዴ ከነካ ስለቱ ሄደ።

መሳያው ክብ ሞረድ ነው። ውፍረቱ እንደ ሰንሰለቱ ይለያያል፤ በትንንሾቹ ላይ 4 ሚሊ ሜትር፣ ከፍ ባሉት ላይ 4.8 የተለመደ ነው። በ30 ዲግሪ ያህል አጋድላችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ግፉ፤ ወደ ኋላ አትፈትጉ። ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ቁጥር ስጡ። አንዱ ጎን ካጠረ ቁርጡ ወደ አንድ በኩል ይታጠፋል።

ባሩ ይጨሳል

ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት፣ ባሩ፣ የሰንሰለት ዘይት አልደረሰውም። የባሩን ጫፍ ወደ ካርቶን አዙራችሁ ነዳጅ ስጡት፤ የዘይት መስመር ካልታየ ቀዳዳው በሰጋቱራ ተደፍኗል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አትጠቀሙ፤ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ፓምፑን ይበላል።

ወደ ላይና ወደ እናንተ ይፈናጠራል

የባሩ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ ነው። በዚያ ጫፍ አትቁረጡ፣ ከትከሻ በላይ አታንሱት፣ የግራ አውራ ጣታችሁ እጀታውን ከስር ይጠምዝዝ። የሰንሰለቱን ፍሬን ሁልጊዜ ከሥራ በፊት ፈትኑ። በሽርጥና በክፍት ጫማ ቼይንሶ የሚይዝ ሰው ሳይ ልቤ ይቆማል። ወፍራም ሱሪ፣ ቦት ጫማ፣ መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ ይኑራችሁ።

ክንዴ ዛለ፣ ሥራው ግን አላለቀም

ይሄ የምርጫ ስህተት ነው። ባለ 58 ሲሲው ባለ 50 ሳንቲ ሜትር ባር ዓይን ይስባል፤ ግን ነዳጅ ሳይሞላ፣ ባር ሳይገባለት ከ5 ኪሎ ይበልጣል። ግንዳችሁን በሜትር ለኩ። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ባህር ዛፍ ባለ 40 ሳንቲ ሜትር ባር ከ40 እስከ 45 ሲሲ ሞተር ይበቃል። ትንሹንም አትግዙ፤ በየ300 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ ወደ 3 በመቶ ይጠፋል። ደረቅ ግራር የሚቆርጥ ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለ ሞተር ይፈልጋል።

ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት። ሰንሰለትና ባሩ ለብቻ ይገኛሉ? የካርቡራተሩ ብሎኖች ከውጭ ይደረሱባቸዋል ወይስ ራሱን ያስተካክላል? ማሽኑ የሚሠራው ሐረር ነው ስትሉትስ ምን ይላል? ጥያቄው ካልገባው ሌላ ሱቅ ሂዱ።