ችክችካን በኪቦርድ ሲኩዌንሰር ላይ ኖታ በኖታ ማስገባት

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ ክፍል ኪቦርድ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዷ በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ትመታለች። ምቷ ዝንፍ አይልም። ኪቦርድ ላይ ስትቀመጥ ግን ጣቶቿ ይተሳሰራሉ፤ ሪኮርድ ተጭና ከሜትሮኖም ጋር ስትጫወት አራተኛው ባር ላይ ሳትደርስ ይጠፋባታል። ለእሷና ለመሰሎቿ የሚበጀው ስቴፕ ሪኮርድ፣ ማለትም ኖታን አንድ በአንድ የማስገባት ዘዴ ነው። እዚያ ላይ ጊዜው አይሮጥም፤ ቀጣዩን ኖታ እስክታስገቡ ማሽኑ ይጠብቃችኋል።

ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት ምቱን በአፍ በሉት። ችክችካ የሚባለውን የአገራችንን የጭፈራ ምት በ6/8 ስንጽፈው አንድ ባር ስድስት ስምንተኛ ኖታ ይይዛል። እኔ ለተማሪዎቼ የማስይዛቸው «ድም-ም-ታ፣ ድም-ም-ታ» በማለት ነው። ድም ከባዱ ምት ነው፣ ታ ቀላሉ። መሐል ያለችው «ም» አዲስ ነገር አይመታባትም፤ የድም ጭራ ናት። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እሷን እየዘለለ ስለሆነ አፋችሁ በደንብ ይያዛት።

አሁን ወደ ሲኩዌንሰር (ኖታን መዝግቦ መልሶ የሚያጫውተው ክፍል) ሞድ ግቡና አዲስ ሶንግ ክፈቱ። ማሽኑ 4/4 ብሎ ስለሚጀምር ምንም ኖታ ሳታስገቡ ወደ 6/8 ቀይሩት። ቴምፖ ላይ ብዙዎች ይደናገራሉ፦ 6/8 ላይም ቢሆን አብዛኞቹ ማሽኖች የሚቆጥሩት ሩብ ኖታን ነው። ስለዚህ 180 ብትሉት «ድም» በደቂቃ 120 ጊዜ ይመታል። ኖታ በምታስገቡበት ሰዓት ቴምፖው ለውጥ አያመጣም፤ የሚሰማው ስታጫውቱት ብቻ ነው። ትራክ 1 ላይ የወደዳችሁትን ድምፅ ምረጡ፤ ከዚያ የሪኮርዱን ዓይነት ከሪያልታይም ወደ ስቴፕ አዙሩት።

ስክሪኑ ላይ ሦስት ነገሮች ታያላችሁ። ስቴፕ የአንዱ እርምጃ ርዝመት ነው፤ ስምንተኛ ኖታ ላይ አድርጉትና እስከ መጨረሻው አትነካኩት። ሩብ ኖታን በሁለት እርምጃ ከማስገባት እቆጥባለሁ ብሎ ስቴፑን ወዲያ ወዲህ የሚቀያይር ሰው ሦስተኛው ባር ላይ የት እንዳለ ይጠፋዋል። ጌት ደግሞ ኖታው ከእርምጃው ምን ያህሉን እንደሚሰማ በመቶኛ ይናገራል፦ ለክራር ዓይነት ድምፅ 50 ገደማ፣ እንደ ማሲንቆ ለሚጎተት ድምፅ 95 ወይም 100። ቬሎሲቲ የምቱ ጉልበት ነው፤ ከ1 እስከ 127 ይሄዳል።

ለልምምድ በትዝታ ሜጀር ሁለት ባር እናስገባ። ቅኝቱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ከነጭ ቁልፎች ሳትወጡ ትጫወቱታላችሁ። ዜማው «ሶል—ላ ሶል—ሚ፣ ሬ—ሚ ዶ———» ይላል። አፋችሁ ድም ሲል ቁልፉን ምቱ፤ ም ሲል ያለፈውን ኖታ የሚያስረዝመውን ታይ የሚለውን ተጫኑ፤ ታ ሲል ቀጣዩን ቁልፍ ምቱ። የመጀመሪያው ባር እንዲህ ይገባል፦ ሶል፣ ታይ፣ ላ፣ ሶል፣ ታይ፣ ሚ። ሁለተኛው፦ ሬ፣ ታይ፣ ሚ፣ ዶ፣ ታይ፣ ታይ። አሥራ ሁለት እርምጃ ሆነ። ጠቋሚው ሦስተኛው ባር መጀመሪያ ላይ ካልቆመ አንዲት «ም» ተዘልላለች ማለት ነው፤ በስቴፕ ባክ ተመልሳችሁ ከተሳሳታችሁበት ጀምሩ።

እጃቸው ለለመደ ተጫዋቾች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በኮርግ ማሽኖች እርምጃው ወደፊት የሚሄደው ጣታችሁን ሙሉ በሙሉ ስታነሱ ነው። ሶልን ሳትለቁ ላን ከመታችሁ ሁለቱ አንድ ላይ ኮርድ ሆነው ይቀመጣሉ። ኮርድ ስትፈልጉ ይህ ጥሩ ነው፤ ዜማ ላይ ግን ጣታችሁን አንሱ፣ ከዚያ ምቱ።

ቀጥሎ ከበሮው። ሌላ ትራክ ላይ ድራም ኪት ምረጡ። የተለመደው የጄኔራል ሚዲ (የኪቦርዶች የጋራ የድምፅ ስምምነት) ኪት የኛን ከበሮ አልያዘም፤ እኔ የምተካው በኮንጋ ነው፦ ለድም ኖታ ቁጥር 64፣ ለታ ደግሞ 62። ድምን ቬሎሲቲ 110 አድርጉት፣ ታን 70። እዚህ ለ«ም» ታይ ሳይሆን ሬስት (ዝምታ) ተጫኑ፤ ከበሮ አንዴ ከተመታ በራሱ ይከስማልና የሚጎተት ነገር የለውም። ስለዚህ፦ ድም፣ ሬስት፣ ታ፣ ድም፣ ሬስት፣ ታ። አንዱን ባር ብቻ አስገቡና የቀረውን በኮፒ አባዙት። ያቺ ተማሪዬ ዜማው ላይ ግማሽ ሰዓት የፈጀች ልጅ ይህንን ባር ባንድ ትንፋሽ ነው ያስገባችው።

እዚህ ላይ ቁሙና ሴቭ አድርጉ። በብዙ ወርክስቴሽኖች (ሲኩዌንሰር ባላቸው ኪቦርዶች) የሠራችሁት ሶንግ የሚቀመጠው በጊዜያዊ ሜሞሪ ነው፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። እኔ ለጥር ሠርግ ያዘጋጀሁት 32 ባር አንድ ምሽት እንዲሁ ጠፍቶብኛል፤ በማግስቱ ከሀ እስከ ፐ እንደገና ጀመርኩት። ከዚያ ወዲህ በየስምንት ባሩ ዩኤስቢ ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ።

ስታጫውቱት ሁሉም ነገር ልክ ይሆናል፤ ግን ድርቅ ይላል። መፍትሔው በኢቨንት ኤዲት (የገቡትን ኖታዎች አንድ በአንድ ማረሚያ) ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ድም እኩል እንዳይጮህ ሁለተኛውን ወደ 98 አውርዱት። ከዚያ ታን ትንሽ አዘግዩት። በያማሃ ሞቲፍና በኮርግ ክሮኖስ ሩብ ኖታ 480 ቲክ (የማሽኑ ትንሿ የጊዜ መለኪያ) ነው፤ በ180 ቴምፖ 15 ቲክ ማለት 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ይህችን ያህል ሲዘገይ ትከሻ መነቅነቅ ይጀምራል። ከ30 ቲክ በላይ ግን አትሂዱ፤ ለእኔ ጆሮ ያን ጊዜ ምቱ የሰከረ ይመስለኛል።

የማሲንቆው መንሸራተት ብቻ ይቀራል። እሱን በስቴፕ ለማስገባት አትልፉ። ሪኮርዱን ወደ ሪያልታይም መልሱ፣ ኦቨርደብ (የነበረውን ሳያጠፋ በላዩ የሚቀዳው) ላይ አድርጉት፣ ዜማው ሲጫወት ቀኝ እጃችሁን አሳርፉና በግራ እጃችሁ ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን የፒች ቤንድ ጎማ ብቻ አንቀሳቅሱ፦ ሶል ወደ ላ ስትሄድ ትንሽ ገፋ፣ መጨረሻዋ ዶ ላይ ቀስ ብሎ መለስ።