«ሥላሴን ከፕላቶ ነው የቀዱት» ከማለታችሁ በፊት

ይህ ክርክር ቡና ላይም ሆነ ቴሌግራም ላይ ሲነሳ ሁሌም ሁለት ጎራ ነው። አንዱ «ክርስትና የግሪክ ፍልስፍና ነው፤ አንገቱ ላይ መስቀል አሰሩለት እንጂ» ይላል። ሌላው «አባቶች ፍልስፍና የሚባል ነገር አልነኩም» ብሎ ይምላል። እኔ በየተራ ሁለቱም ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሎጎስ» ባየን ቁጥር ፕላቶን መጥራት

ዮሐንስ «በመጀመሪያው ቃል ነበረ» ሲል ግሪኩ ሎጎስ ነው። ሎጎስን ደግሞ የግሪኩ ፈላስፋ ሄራክሊተስ ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ተጠቅሞበታል፤ ኢስጦኢኮች የሚባሉት ፈላስፎችም ዓለምን የሚያስተዳድረውን ሥርዓት በዚሁ ቃል ይጠሩት ነበር። በቃ፣ አለቀ ደቀቀ፣ ተቀድቷል እንላለን።

ግን ዓረፍተ ነገሩን እስቲ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «በመጀመሪያ» የሚለው የኦሪት ዘፍጥረት መክፈቻ ነው። «በእግዚአብሔር ቃል ሰማዮች ጸኑ» ያለው ደግሞ ዳዊት ነው። ሁለቱን ምንጮች ማገናኘትም ቢሆን አዲስ ነገር አልነበረም፤ የእስክንድርያው አይሁዳዊ ፊሎን፣ የኢየሱስ ዘመን ሰው፣ ቀድሞ ጀምሮታል።

ለዚህ የምወደው ምስክር በኋላ ጳጳስ የሆነው አውግስጢኖስ ነው። ሳይጠመቅ፣ በ386 አካባቢ ሚላን ውስጥ፣ የፕላቶ ተከታዮችን መጻሕፍት በላቲን ትርጉም አነበበ። በኋላ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ላይ ሲጽፍ «በመጀመሪያ ቃል ነበረ» የሚለውን እዚያ አገኘሁት ይላል፣ ቃል በቃል ባይሆንም በሐሳቡ። «ቃልም ሥጋ ሆነ» የሚለውን ግን አላገኘሁም አለ።

አባቶችን «ፍልስፍና ወዳጅ» እና «ፍልስፍና ጠላት» ብሎ መክፈል

የካርታጎው ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱሊያን በ200 ገደማ «አቴና ከኢየሩሳሌም ጋር ምን አላት?» ብሎ ጻፈ፤ ፍልስፍና ከእምነት ጋር ምን አገናኘው ማለቱ ነው። ይህችን ጥያቄ ሁሉም ይጠቅሳታል። ያው ሰው ግን ነፍስ የራሷ አካል አላት ሲል የተከተለው የኢስጦኢኮችን ትምህርት ነው። የእነሱን ሴኔካንም «ብዙ ጊዜ የኛ» ብሎ ጠርቶታል። በር ላይ ይሳደባል፣ ጓዳ ገብቶ ይበላል።

በሌላ በኩል ሰማዕቱ ዮስጢኖስ አለ፣ ብዙዎች ጀስቲን የምትሉት። የተወለደው ዛሬ ናብሉስ በምትባለው ከተማ ነው። የራሱ ታሪክ ያስቃል። መጀመሪያ አንድ ኢስጦኢክ ጋ ሄደ፤ ሰውየው ስለ እግዚአብሔር ምንም አያውቅም፣ ማወቅም ያስፈልጋል ብሎ አያምን። የአሪስቶትል ወገን የሆነው ቀጣዩ መምህር ገና በጥቂት ቀን ውስጥ የትምህርት ክፍያ ጠየቀው። የፒታጎረስ ወገኑ «ቅድሚያ ሙዚቃ፣ ሥነ ፈለክና ጂኦሜትሪ ተማር» ብሎ መለሰው። የፕላቶ ወገን ጋ ሲደርስ ተደሰተ። ከዚያ ባሕር ዳርቻ አንድ ሽማግሌ አገኘውና ስለ ነቢያት ነገረው። ካመነም በኋላ የፈላስፋ ካባውን አላወለቀም። ሶቅራጥስና ሄራክሊተስ ከቃል ጋር ስለኖሩ ክርስቲያኖች ነበሩ እስከማለት ደርሷል። በ165 አካባቢ ሮም ላይ ሰማዕት ሆነ።

ይህንን ስናነብ «ይኸው፣ ፕላቶን ዋጠው» እንላለን። ሽማግሌው ግን ነፍስ በራሷ ባሕርይ የማትሞት ናት የሚለውን የፕላቶን ትምህርት ነው መጀመሪያ ያፈረሰበት። ነፍስ የምትኖረው እግዚአብሔር ስለፈቀደላት ነው፤ ዮስጢኖስም ይህንን ተቀብሎ ጻፈው። ወዳጅ የተባለው ዋናውን ነገር ጣለ፣ ጠላት የተባለው ተበደረ።

የትኛው ፕላቶ?

ይቺ አጭር ናት። ፕላቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ347 ሞተ። ዮስጢኖስ የተማረው 500 ዓመት ያህል ቆይተው የመጡ መምህራን ያስተማሩትን ፕላቶ ነው። የፕላቶን ትምህርት እንደ አዲስ የቀረጸው ፈላስፋ ፕሎቲኖስ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ205 ገደማ ነው የተወለደው። ዮስጢኖስ ከፕሎቲኖስ ወሰደ የሚል ጽሑፍ ካያችሁ እለፉት፤ ያልተወለደ ሰው አያስተምርም።

ኒቅያን የፕላቶ ፋብሪካ ማድረግ

ይህ ትልቁ ነው። «የሮሙ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በ325 በኒቅያ ጉባኤ ላይ ሥላሴን ከፕላቶ ወስዶ አጸደቀ» ይባላል። የአንጾኪያው ቴዎፍሎስ ግን በ180 አካባቢ፣ ቆስጠንጢኖስ ሳይወለድ፣ «ሦስትነት» የሚል ቃል ስለ እግዚአብሔር ጽፏል።

ደግሞ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። በዘመኑ የፕላቶ ተከታዮች ከላይ የማይደረስበትን «አንድ» አስቀምጠው፣ ከእሱ በታች በደረጃ በደረጃ ወደ ዓለም ይወርዱ ነበር። አሁን ኒቅያ ያወገዘውን የአርዮስን ትምህርት አስቡት። አብ ብቻውን ላይ ነው፤ ወልድ ከታቹ ያለ፣ የተፈጠረ፣ ዓለም የተሠራበት መካከለኛ ነው። ደረጃውን የሚመስለው የማን ነው? ጉባኤው ወልድን ከአብ ጋር እኩል ሲያደርግ ያንን ደረጃ ነው የነቀለው። ለአርዮስም ፍትሐዊ እንሁን፤ እሱም የሚጠቅሰው ምሳሌ 8ን ነበር እንጂ ፕላቶን አልነበረም።

ጉባኤው ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ለማለት የተጠቀመበት «ሆሞኡሲዮስ» የሚለው የግሪክ ቃልስ? መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም፤ ብዙ ጳጳሳትን ያስጨነቀውም እሱ ነበር። ቃሉ በፊት ቤተ ክርስቲያን መናፍቃን ባለቻቸው በግኖስቲኮች አፍ ውስጥ ነበረ፤ በ268 የአንጾኪያ ጉባኤም አልተቀበለውም። ከዚህ በላይ የሚገርመው የኒቅያ ውግዘት ኡሲያንና ሂፖስታሲስን፣ ሁለቱን የግሪክ ቃላት፣ እንደ አንድ ቃል መጠቀሙ ነው። «ኡሲያ የጋራው፣ ሂፖስታሲስ የየራሱ» ብለው የለዩት ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ባስልዮስና ባልንጀሮቹ ናቸው። እኛ «አንድ ባሕርይ፣ ሦስት አካል» የምንለው ያንን ልዩነት ነው። ከመደርደሪያ ተነስቶ የመጣ ቃል ቢሆን ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?

ጸሎተ ሃይማኖትን በግእዝ የምታውቁ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ቁሙ። «ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ» ነው የሚለው፤ በመለኮቱ ከአብ ጋር የተካከለ። ተርጓሚው ለግሪኩ ቃል ልኩን ግእዝ ልፍጠር ብሎ አልተጨነቀም። ለምእመን የሚገባውን አስቀመጠ።

ቃሉ አንድ ከሆነ ትርጉሙም አንድ ነው ማለት

በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ላይ ቤተ ክርስቲያን የተከፈለችበት ቃል «ፊዚስ» ነው፣ በኛ ባሕርይ። የእስክንድርያው ቄርሎስ «አንድ ሥጋ የለበሰ የእግዚአብሔር ቃል ባሕርይ» ሲል ፊዚስን በአካል ለሚኖር ለአንድ ሕያው ነበር የሚያቀርበው። የኬልቄዶን ወገኖች ደግሞ ወደ ኡሲያ ያስጠጉታል። ልዩነቱ የቃል ጨዋታ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ተዋሕዶን «ሞኖፊዚት»፣ ማለትም «ባሕርይ አንድ ብቻ ባይ»፣ ብሎ የሚጠራ ሰው ሲገጥማችሁ፣ ፊዚስን በማን ትርጉም እንደያዘ ጠይቁት።

ግሪኮች ሁሉን ነገር ወደዱት ብሎ ማሰብ

ሴልሰስ የተባለው የሁለተኛው ምዕት ዓመት ፈላስፋ የሥጋ ትንሣኤን ለትል የሚሆን ተስፋ ነው ብሎ ቀለደበት። ከሥጋ መላቀቅ ለሚፈልግ ሰው ሥጋን መልሶ መልበስ ምን ይሠራለታል?

ጳውሎስም አቴና ውስጥ አርዮስፋጎስ ላይ ቆሞ «እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነንና» የሚለውን የግሪኩን ባለ ቅኔ የአራጦስን ስንኝ ሲጠቅስላቸው ማንም አላቋረጠውም። ሳቁ የመጣው የሙታንን ትንሣኤ ሲያነሳ ነው። ሌሎቹም «ስለዚህ ነገር ሁለተኛ እንሰማሃለን» አሉት።