ቀበሮዋ አጠገብ ስደርስ አቅጣጫው ለምን ይጠፋብኝ ነበር?

የተደበቀ የሬዲዮ አስተላላፊ ፍለጋ ልክ እንደ ኩኩሉ ነው። አንድ ሰው ትንሽ አስተላላፊ ጫካ ውስጥ ይደብቃል፣ ሌላው በአንቴና አቅጣጫውን እየለየ ይፈልጋል። ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ በሬዲዮ የሚገናኙት የአማተር ሬዲዮ ሰዎች አስተላላፊውን «ቀበሮ» ይሉታል። እኔ እዚህ ሜሪላንድ የጀመርኩት በእጅ ሬዲዮ እና ከብረት ሜትርና ከፕላስቲክ ቱቦ በሠራሁት ያጊ አንቴና (ከዞረበት አቅጣጫ የሚመጣውን ሲግናል አጉልቶ የሚቀበል) ነው። ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አያስፈልግም።

ከሩቅ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። 100 ሜትር ያህል ሲቀረኝ ግን የሲግናሉ መለኪያ ይሞላና እዚያው ይቀራል። አንቴናውን ወዴትም ባዞር ያው ነው። ሁለት ቅዳሜ ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ በጣም ነው ያናደደኝ። አንቴናው የተበላሸ መስሎኝ ፈትቼ እንደገና ሠራሁት።

አንቴናው ምንም አልሆነም። ሲግናሉ ስለሚበረታ በሬዲዮው ሽፋን በኩል ጭምር ይገባል። መፍትሔው ሲግናሉን ማዳከም ነው። ቀበሮዋ የምታስተላልፈው በ146.565 ሜጋኸርዝ ነበር። በ3 ሲባዛ 439.695 ይመጣል። ብዙ አስተላላፊዎች እዚያም ላይ ደካማ ሲግናል ያፈስሳሉ። ሬዲዮዬን ወደዚያ ቀየርኩት። መለኪያው ወረደ!

ከዚያ ያጊውን ነቅዬ አጭሩን አንቴና ገጠምኩ። ሬዲዮውን ደረቴ ላይ አስጠግቼ ቀስ ብዬ ዞርኩ። ሰውነት ሲግናል ይጋርዳል፤ ሲግናሉ በጣም ሲደክም ቀበሮዋ ከጀርባዬ ናት ማለት ነው። የወደቀ ግንድ ሥር አገኘኋት።

በ3 የተባዛው ላይ ምንም ካልተሰማችሁ፣ ከዋናው ፍሪኩዌንሲ 5 ወይም 10 ኪሎኸርዝ ፈቀቅ በሉ።