ወዳጃ በከተማ ቤት፦ 12 ሰው በአንድ ክፍል

ወዳጃ በወሎ እስላምም ክርስቲያንም በቡናና በዕጣን ዙሪያ ተቀምጦ ለአንድ ሰው ጉዳይ አብሮ የሚያደርገው ዱዓ (ልመና) ነው። ለማስደረግ ሰፊ ግቢና በሬ የሚጥል ባለጸጋ መሆን አያስፈልግም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ባለ አንድ ክፍል 12 ሰው ተቀምጦ ዱዓ ሊደረግ ይችላል። የከተማ ወዳጃ የሚበላሸው በቤቱ ጥበት አይደለም። ሰው ለዕቃው ሲሯሯጥ ኒያውን፣ ማለትም የሚለምንበትን ጉዳይ፣ ሳይቆርጥ ስለሚቀር ነው።

ስለዚህ ከቡናው በፊት ጉዳይዎን ይለዩ። በአንድ ትንፋሽ መናገር ካልቻሉ ገና አልበሰለም። «ሁሉ ነገር ይስተካከልልኝ» ሲባል ተቀማጩ ለምን አሚን እንደሚል አያውቅም። «ጅዳ ያለችው ልጄ ሦስት ወር ድምጿ ጠፍቷል፤ ደህንነቷን ያሰማኝ» ሲባል ግን አሚኑ ከሆድ ይወጣል። በሰው ላይ ክፉ የሚለምን ኒያ ይዘው አይቀመጡ፤ ደህና ሽማግሌ ከሆነ ያስቆምዎታል።

ዱዓ አድራጊውን ሲመርጡ ሰፈሩ ለዓመታት የሚያውቃቸውን አባት ወይም ዱበርቲ (ዱዓ የምታደርግ እናት) ይጥሩ። አስቀድሞ ዋጋ የሚቆርጥ፣ «ያስደረገብሽ ጎረቤትሽ ናት» የሚል፣ መድኃኒት የሚያስቆም፣ ከታማሚዋ ጋር ብቻዬን ልሁን የሚል ሰው ከመጣ ቡናውን አጠጥቶ መሸኘት ነው። ለደግ አባት የሚሰጠው እጅ ያፈራው ነው፤ መጨረሻ ላይ ታጥፎ በእጅ ይሰጣል፣ አይቆጠርም።

ቀኑ ብዙ ጊዜ ሐሙስ ነው፣ የጁምዓ ዋዜማ። ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ሰው የሚበዛበት የኮምቦልቻ ሰፈር እሑድ ጠዋት ቢያደርገው ማንም አይቆጣም። የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት ጊዜ ይያዝለት። ሶፋውን ወደ ጥግ ገፍተው መሬቱን ጠርገው ቄጠማ ይጎዝጉዙ፤ ምንጣፍና ትራስ ዙሪያውን ያድርጉ፤ ጫማ በር ላይ ይቅር። ዱዓ የሚያደርጉት አባት ሁሉም በሚያያቸው ቦታ ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጣሉ።

ከሰሉ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ማታ ይበርዳል፤ ሰው በርና መስኮት ይዘጋል፤ ምድጃው ደግሞ መሐል ተቀምጧል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አንዷ ራሷን ትይዛለች፣ ሌላዋ ታቅለሸልሻለች፣ «ውቃቢው ቀረበ» የሚልም አይጠፋም። የቀረበው የከሰል ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፤ ይገድላል። ከሰሉን ውጭ ወይም በረንዳ ላይ አቀጣጥለው፣ ጥቁሩ ጠፍቶ አመድ ሲለብስ ብቻ ያስገቡት። ያኔም ጋዙ አይቆምምና ሁለት መስኮት ትይዩ ከፍተው ይተዉ፤ የበረደው ጋቢ ይደርብ። ራስ ምታት ከተሰማ ምድጃውም ሰውየውም ይውጡ፤ የደከመ ወይም ራሱን የሳተ ካለ በቀጥታ ሐኪም ቤት። ሰው በሚተኛበት ክፍል ከሰል አያሳድሩ።

ዕጣኑም የሚፈልገው አመድ የለበሰ ፍም ነው። ነበልባል ላይ ከጣሉት ይነድና ጥቀርሻ ይሸታል። በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ፍሬ ይበቃል፤ ሲያልቅ ይደገማል። ከርቤና ወገርት የሚቀላቅሉ አሉ፤ አስም ያለበት ሰው ካለ ግን ጭሱ በር ላይ ተጭሶ ያብቃ።

ለ12 ሰው 150 ግራም ጥሬ ቡናና ሁለት ጀበና ይዘጋጅ። ውሃ ደሴ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ላይ 94 አካባቢ ይፈላል። ገነፈለ ብለው ወዲያው ካወረዱት አቦሉ ቀጭን ይሆናል፤ ጥቂት ደቂቃ ያንተክትኩት፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ይስከን። አተላው ሳይወርድ የተቀዳ ቡና ለሽማግሌ አይቀርብም። ለቁርስ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ንፍሮ ያድርጉ። ሥጋ ከገባ «ማን አረደው» የሚለው ጥያቄ እስላሙንና ክርስቲያኑን በሁለት ገበታ ይለየዋል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ ዳቦው ቅቤም ወተትም አይንካው።

ጫት በወሎ ሐድራ (የዱዓ ስብስብ) የቆየ ነው፤ ካለ ዱዓ አድራጊው ባርከው ያከፋፍሉታል። ግዴታ ግን አይደለም። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አይቃሙ፤ ማታ የቃመ እንቅልፍ ያጣል።

አቦል ሲቀዳ ዱዓው ይከፈታል። ምስጋናና ሶለዋት (ለነቢዩ የሚደረግ ውዳሴ) ይቀድማል፤ ከዚያ ባለጉዳዩ ኒያውን ራሱ ይናገራል። ሁሉም መዳፉን ይዘረጋል።

«ለታመመ አፊያ ይስጥልን።»
«አሚን!»
«የራቀውን በሰላም ያግባልን።»
«አሚን!»

አሚኑ አንድ ላይ መውደቅ አለበት። ዱዓ አድራጊው ከፈጠኑ አሚኑ ይደራረብና ዱዓው ጉርምርምታ ይሆናል፤ አንድ ትንፋሽ እንዲተዉ በአክብሮት ይንገሯቸው። ከቶና በኋላ ምርቃቱ በዕድሜ ተራ ይዞራል፣ እናቶችንም አይዝለል። በረካ ሲጠጣ ፋቲሐ (የቁርኣን መክፈቻ ምዕራፍ) ተብሎ ፊት ይታበሳል። ክርስቲያኑ በራሱ ቃል ይዘጋል፤ በወሎ ይህ ማንንም አይገርምም። በሌላ በኩል ወዳጃን የማይቀበሉ መስጊዶችም አብያተ ክርስቲያናትም አሉ፤ እምቢ ያለ ጎረቤት አይጎትጎት።

ልጅ ከጅዳ ወይም ከቤይሩት በኢሞ ትገባ ከሆነ አንድ ስልክ ብቻ መሐል ይቀመጥ። ድምፅ ስለሚዘገይ የእሷ አሚን የሚቀጥለውን ቃል ይቆርጣል፤ ማይኳን አጥፍታ እዚያው ትበል፣ ለምርቃቷ ሲደርስ ትክፈተው። ድቤ (ከበሮ) እና መንዙማ (የውዳሴ ዜማ) ካለ ከላይና ከታች ላሉት ጎረቤቶች ከቀኑ በፊት ይነገራቸው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ድቤው ይረፍ፣ በጭብጨባም ይሆናል።

ወዳጃው ለሕመም ከሆነ የሐኪም ቀጠሮ አይለፍ፣ የሚጥል በሽታም ሆነ የአእምሮ ሕመም ኪኒን በዱዓ ምክንያት አንድ ቀን አይቋረጥ። የሚጥል በሽታን ኪኒን በድንገት ማቆም ራሱ በሽታውን ያስነሳል፤ ያኔ «ጂኑ ተቆጣ» ይባላል።

ስለት ከተሳሉ መጠኑን እዚያው ሰው ፊት ይቁረጡት፦ 2 ኪሎ ቡና፣ 1 ኪሎ ዕጣን፣ እንዲህ ተብሎ። «የሆነ ነገር አስገባለሁ» የተባለ ስለት በዓመቱ ባልና ሚስት ያጣላል። ወረቀት ላይ ጽፈው ረከቦቱ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት።