የጭስ ጥቀርሻን ከጀልባ ጎን ማስለቀቅ

ከጭስ ማውጫው ጀርባ በነጩ ፋይበርግላስ ላይ የሚጋገረው ጥቁር እድፍ በሳሙና ብቻ አይለቅም። ያልተቃጠለ ናፍጣና የሞተር ዘይት አብረውት ስለሚወጡ ጥቀርሻውን ጄልኮት በሚባለው የላይኛው ሽፋን ላይ ያጣብቁታል፤ ፀሐይ ደግሞ ታደርቀዋለች። ስለዚህ መጀመሪያ ዘይቱን ማሟሟት፣ ከዚያ የቀረውን ማሸት ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው በቀጥታ መፈተግ ይጀምርና ጥቀርሻውን የባሰ ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

ጀልባውን ከጣና ሐይቅ አውጥተው፣ እጣቢው ወደ ውሃው ከማይመለስበት ቦታ ጥላ ሥር ያቁሙት። የጋለ ጎን ላይ የተቀባ ሁሉ ሳይሠራ ይደርቃል፤ መስመርም ይተዋል። በ10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ የቡና ስኒ ላርጎ በጥብጠው በስፖንጅ ከታች ወደ ላይ ይጠቡ። ከላይ ከጀመሩ እጣቢው ደረቁን እድፍ እየሸነተረ ይወርዳል፤ ሽንትሩን ማጥፋት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ከዚያ አሸዋው እስኪለቅ በብዙ ውሃ ያለቅልቁ።

አሁን ነጭ ጋዝ። ጨርቁን ያርሱት እንጂ ጎኑ ላይ አያፍስሱ። መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ እየያዙ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያርጥቡት፤ ከዚያ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጥረጉ፤ ጨርቁንም በየጊዜው ይገልብጡ። መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ቡናማ ይወጣል። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ሲመለስ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው። የቀረውን ቅባት እንደገና በሳሙና ይጠቡት። ቲነር ይፈጥናል፤ ግን የጀልባውን ስምና ቁጥር አብሮ ያነሳል። የብረት ጀልባ ከሆነም ቲነር ቀለሙን ስለሚያስለቅቅ ከነጭ ጋዙ አይለፉ።

ጥቁሩ ሄዶ ቢጫማ ጥላ ከቀረ ኦክሳሊክ አሲድ ያነሳዋል። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 50 ግራም ያሟሙ፤ ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ በብሩሽ ቀብተው ሳይደርቅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩና በብዙ ውሃ ያጥቡት። በረኪና እዚህ ሥራ የለውም፦ ካርቦን አያነሳም፣ አሉሚኒየም ይበላል፣ ከአሲድ ጋር ከተገናኘም መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

ከዚያ በኋላ ጎኑን በደረቅ እጅ ይዳብሱ። ነጭ ዱቄት ከያዘ ጄልኮቱ አርጅቷል፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነም ነገ ያንኑ እድፍ ይመጠዋል። ጋራዦች ለመኪና ቀለም በሚጠቀሙበት ካምፓውንድ (የማለስለሻ ቅባት)፣ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው ይሹት። የመወልወያው ማሽን ፍጥነት በደቂቃ ከ1,000 እስከ 1,500 ዙር ይሁን። ግራይንደር ላይ ስፖንጅ ገጥሞ መሥራት የተለመደ ነው፤ ትንሹ ግራይንደር ግን ወደ 11,000 ዙር ስለሚሽከረከር በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥለዋል። ጄልኮት አዲስ ሆኖ እንኳ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። የብረት ሱፍም አይጠቀሙ፤ የሚተዋቸው ብናኞች ይዝጉና የዝገት ነጥብ ይሆናሉ።

በመጨረሻ ሁለት ጊዜ ሰም ይቀቡ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ደርቆ ከተወለወለ በኋላ ነው። ከጭስ ማውጫው ጀርባ ላለው ቦታ ሦስተኛ ቢጨመር አይበዛበትም። በደንብ ሰም የጠጣ ጎን ላይ ያረፈ ጥቀርሻ ቶሎ ከተደረሰበት በሳሙና ብቻ ይለቃል።

እድፉ ቶሎ ቶሎ ከተመለሰ ግን ነገሩ የሞተሩ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለባሕር ዳርቻ አየር የተስተካከለ፣ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር ለነዳጁ የሚበቃ አየር ስለማያገኝ ጥቁር ያጨሳል። የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ወይም ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ እምቦጭ ያባብሰዋል። ሰማያዊ ጭስ የዘይት ነው። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ሞተር ከሆነ መመሪያው 50 ለ 1 ካለ፣ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ይበቃዋል። «ለሞተሩ ጤና» ተብሎ በግምት የሚጨመረው ዘይት ካንዴላውን ያቆሽሻል፣ ቀሪው ጎኑ ላይ ይለጠፋል።