አር-ጂ-ዲ ፔፕታይዱ ሴሉን አልይዝ ሲል

ሴል እንዲይዝ የታሰበው ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት፣ ተሠርቶ መጣ። የሴል ማሳደጊያው ሳህን በእሱ ተቀባ። ሴሎቹ ግን ክብ እንደሆኑ ይንሳፈፋሉ። ብዙ ሰው ወዲያው አሚኖ አሲዶቹን መቀያየር ይጀምራል። እባካችሁ አትቸኩሉ። አር-ጂ-ዲ ማለት አርጂኒን፣ ግላይሲንና አስፓርቲክ አሲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሴሎች ከሚጣበቁበት ፕሮቲን ከፋይብሮኔክቲን ተለይቶ ከታወቀ ወዲህ ሴል እንደሚይዝ ተደጋግሞ ታይቷል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው በፈሩን፣ ማለትም ሴሎቹ ያሉበትን ፈሳሽ ነው።

ምንም ሴል አይጣበቅም
አስፓርቲክ አሲዱ የሚጨብጠው ኢንተግሪኑ (ሴሉ የሚይዝበት የገጹ ፕሮቲን) ላይ የተቀመጠውን የሜታል አዮን ነው፤ ብዙ ጊዜ ማግኒዥየም ነው። ሴሎቹን በኢዲቲኤ አላቃችሁ በደንብ ካላጠባችሁ፣ የተረፈው ኢዲቲኤ አዮኑን ይነጥቃችኋል። ማግኒዥየም የሌለው ፒቢኤስም (የተለመደው የጨው በፈር) ያው ነው። አጥባችሁ 1 ሚሊሞላር ማግኒዥየም ጨምሩ። ካልሆነ ማንጋኒዝ ሞክሩ፤ ኢንተግሪንን ያነቃቃል። በማንጋኒዝ ብቻ ከተጣበቁ ፔፕታይዱ ደህና ነው፣ የተኛው ኢንተግሪኑ ነው።

በዚህም እምቢ ካለ፣ ፔፕታይዱ ሳህኑ ላይ ተለጥፎ ኢንተግሪኑ አልደረሰበት ይሆናል። ጥቂት ግላይሲን ወይም ፔግ (ተጣጣፊ ፖሊመር) በፔፕታይዱና በሳህኑ መሃል አስገቡ።

ፔፕታይድ በሌለበትም ይጣበቃል
ምክንያቱ ሴረም፣ ማለትም ለሴሎቹ የሚጨመረው የደም ፈሳሽ ክፍል ነው። በውስጡ ያሉት ሴል የሚይዙ ፕሮቲኖች፣ ፋይብሮኔክቲንና ቪትሮኔክቲን፣ ሳህኑን ይለብሱታል። ያለ ሴረም ሥሩ፣ ባዶውንም ቦታ በአልቡሚን ሸፍኑ። ከጎኑ ደግሞ ለማነጻጸሪያ አር-ጂ-ኢ ይኑር። አስፓርቲክ አሲዱ በግሉታሚክ አሲድ ሲተካ ጎኑ በአንዲት ካርቦን ብቻ ይረዝማል፤ መያዙ ግን ይጠፋል። በሁለቱም እኩል ከተጣበቀ እያያችሁ ያላችሁት የፔፕታይዱን ሥራ አይደለም።

ፔፕታይድ ስጨምር ሴሉ ይለቃል፤ ግን ይሞታል
ፈሳሹ ውስጥ የተጨመረ ፔፕታይድ ኢንተግሪኑን ስለሚሻማ ሴሉ ሳህኑን ሊለቅ ይችላል፤ መሞት ግን የለበትም። የሚዲየሙን፣ ማለትም የሴል ማሳደጊያውን ፈሳሽ፣ ቀለም እዩ። እኔ አንድ ጊዜ ደስ ብሎኝ ውጤቱን ልመዘግብ ስል ቀዩ ሚዲየም ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። ከፔፕታይዱ አሠራር የተረፈው ቲኤፍኤ የተባለ አሲድ ነበር። ፒኤችን አስተካክላችሁ ድገሙት።

ይይዛል፤ ግን ደካማ ነው
ቅርጹን መንካት ያለባችሁ አሁን ነው። ቀጥ ያለው ሰንሰለት ይወዛወዛል፣ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችም በቀላሉ ያገኙታል። ቀለበት አድርጉት። የሙኒኩ የኬስለር ቡድን በአምስት አሚኖ አሲድ ቀለበት፣ አንዱን የዲ ቅርጽ (የተለመደው የመስታወት ምስል) ፊኒልአላኒን አድርጎ፣ አልፋ-ቪ ቤታ-3 የተባለውን ኢንተግሪን አጥብቆ የሚይዝ ፔፕታይድ አግኝቷል። ሌላ ኢንተግሪን ከፈለጋችሁ አርጂኒኑንም መንካት ይቻላል። ባርቡሪን የተባለው የእባብ መርዝ ፕሮቲን በቦታው ላይሲን ይዞ የፕሌትሌቱን (ደም እንዲረጋ የሚረዳውን የደም ሴል) ኢንተግሪን ይመርጣል። የልብ ሕክምናው መድኃኒት ኤፕቲፊባታይድ መነሻው እሱ ነው።